ሦስተኛ እትም፣ ሙሉ

አሰበ ተፈሪ፣ ግንቦት 12 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሞገስ ገብሬ፤

ጤናህን እጠይቃለሁ፤ የሚስትህንና የልጆችህንም እንደዚሁ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ሰላምታው በዚህ ይብቃን፤ ደብዳቤህን ካነበብኩ ጀምሮ ደሜ ፈልቷል።

«የአባባን መጽሐፍ እንደገና ልናሳትመው ነው፤ ሁለተኛው እትም መሥሪያ ቤታችን አለ፤ የእርስዎ መጽሐፍ ከእሱ በምን ይለያል?» ብለህ ጠየቅኸኝ። ሌላ ሰው ቢጠይቀኝ ሳልቆጣ አስረዳው ነበር። አንተ ግን የጸሐፊው ልጅ ነህ፤ በዚያ ላይ ደመወዝ የምትበላው መጽሐፍ እያዘጋጀህ ነው። እንግዲህ እንደ ሦስተኛ ክፍል ተማሪ ቁጭ በልና ስማኝ። ማተሚያ ቤት አንድ ጊዜ የተለቀመው ፊደል ሳይነካ እንደገና ሲታተም ያ ዳግመኛ ኅትመት ይባላል፤ መቶ ጊዜ ቢደገምም እትሙ ያው አንድ ነው። ፊደሉ እንደ አዲስ ተለቅሞ፣ የሚጨመረው ተጨምሮ፣ የሚወጣው ወጥቶ ሲመጣ ግን ሌላ እትም ነው። ሁለት እትሞች ስማቸው አንድ ስለሆነ አንድ ናቸው ማለት፣ የአቶ ገብሬ ልጆች ስለሆንን እኔና አንተ አንድ ሰው ነን እንደማለት ነው። አንድ ብንሆን ኖሮ ይህን ጥያቄ አትጠይቀኝም ነበር።

አባባ የሚኤሶ ባቡር ጣቢያ ጸሐፊ ሆኖ ሲሠራ የጻፈው፣ በ1926 ያሳተመው «ከቆላ እስከ ጨርጨር» መጨረሻው ላይ የሚኤሶ ምዕራፍ አለው። እሱ ከሞተ በኋላ በ1948 የወጣው ግን የለውም። እሱ እዚያ ሳለ በመጣው የድርቅ ዓመት ሰው በሐዲዱ ዳር ሲረግፍ ማሽላውን ጎተራ ዘግቶ የያዘውን ባላባት አባባ በስሙ ጠርቶ ጽፎት ነበር። በ1948 ደግሞ የባላባቱ ልጆች ትልልቅ ሰዎች ሆነው ነበር። ስለዚህ ምዕራፉ ተቆርጦ ወጣና ሽፋኑ ላይ «ታርሞና ተሻሽሎ» ተብሎ ተጻፈ። ይህችን ቃል ባየሁ ቁጥር እጄን ይበላኛል።

ከመጀመሪያው እትም የጣሊያን ጊዜ ያላጠፋው ጥቂት ነው። ከመቻራ እስከ ድሬዳዋ አሮጌ መጽሐፍ ስፈልግ ኖሬ ከእኔው በቀር ሌላ ቅጂ አላጋጠመኝም። ጎረቤቱ «መምህርት ፈለቀች ዛሬም ወረቀት ልትለቅም መቻራ ወጣች» እያለ ይስቅብኛል፤ ይሳቅ።

መጽሐፉን በቡሽራ መኪና እልክልሃለሁ። ከመስጊዱ አጠገብ ደብተርና ጨርቅ የሚሸጠውን ቡሽራን ታውቀዋለህ። የምልከው የሚኤሶ ምዕራፍ ወደ ቦታው ይመለስ ብዬ እንጂ ለሌላ አይደለም። አደራዬም አንድ ነው፤ ስፌቱ እንዳይፈታ። የሚገለብጠው ሰው ከፊቱ አስቀምጦ ይገልብጥ። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል።

እህትህ ፈለቀች


አዲስ አበባ፣ ሰኔ 21 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለተከበሩ እህቴ ለእትዬ ፈለቀች፤

ጉልበትዎ እንዴት ሆነልዎ? አንድ ጥሩ ቅባት አግኝቼ በቡሽራ ልኬልዎታለሁ፤ ማታ ማታ ሞቅ አድርገው ይታሹበት። ልጆቹ እጅ ይነሳሉ። ትልቁ በጥሩ ውጤት ክፍሉን አለፈ። ትንሿ የፊት ጥርሷ ወልቆ ስትስቅ ባዩዋት ቁጣዎ ሁሉ ይረሳዎት ነበር። ክረምቱ እዚህ ገብቷል፤ እዚያስ ዘነበ ወይ?

መጽሐፉ በደህና ደርሶኛል። የጠቀለሉበትን ጨርቅ ስፈታ የሳጥንዎ የአሪቲ ሽታ ቢሮውን ሞላው። ስለ እትምና ስለ ኅትመት የሰጡኝን ትምህርት ለአለቃዬ እንደራሴ አድርጌ ነገርኩትና አደነቀኝ፤ ስለዚህ ምስጋናው የእርስዎ ነው። የሚታተመውን የሚመርጠው ኮሚቴያችን አባባን «ለጭቁኑ የተቆረቆረ ጸሐፊ» ብሎታል። የማሳተሚያ ፈቃዱም ተፈርሟል።

መጽሐፉ የት እንደተቀመጠ በቡሽራ በኩል ለጠየቁኝ፣ በመሥሪያ ቤቱ አደራ ሥር ነው። ሥራው ገና በመካሄድ ላይ ስለሆነ ዝርዝሩን ሌላ ጊዜ እጽፍልዎታለሁ። ከዚህ የምልክልዎ ነገር ካለ፣ ሻይ ቅጠልም ሆነ መድኃኒት፣ እንዳይሳቀቁ።

ታናሽ ወንድምዎ ሞገስ


አሰበ ተፈሪ፣ ሐምሌ 19 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለሞገስ፤

ቅባቱ ጉልበቴን ሻል አድርጎልኛል፤ ልቤን ግን አልደረሰበትም።

መጽሐፉ የት ነው ብዬ ብጠይቅህ ስለ ልጅህ ጥርስ ጻፍክልኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ጥርሷ ይብቀልላት፤ ነገር ግን «በመሥሪያ ቤቱ አደራ ሥር» የሚባል ቦታ እኔ አላውቅም። መሳቢያ አውቃለሁ፣ ቁምሳጥን አውቃለሁ።

አንተ ያልነገርከኝን ቡሽራ ነገረኝ። ለሱቁ ደረሰኝ ሊያሳትም እናንተው ማተሚያ ቤት ገብቶ ነበር። አንዱ ፊደል ለቃሚ ፊት በመቆንጠጫ የተንጠለጠለ ወረቀት አየ። ከእኔ ቤት ጠቅልሎ የወሰደው እሱ ስለሆነ ወረቀቱን አወቀው፤ የአባባ መጽሐፍ ነው። አብረው ከተሰፉት ገጾች አንዱ ለቃሚ ዘንድ አንድ እጥፍ፣ ሌላው ዘንድ ሌላ እጥፍ፣ በእርሳስና በቀለም ጣት ተለቅልቆ። ሽፋኑስ ብዬ ስጠይቀው መሬት መሬት ማየት ጀመረ።

ሰውየው ባዕድ ነው፤ አባባን በዓይኑ አላየውም። «ወላሂ መምህርት፣ እንደ ቅርጫ ሥጋ ነው የተከፋፈሉት» ሲለኝ ግን ድምፁ ተቀይሮ ነበር። የአባትህ ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ ይባላል። አንተ ደግሞ ከዚያ አልፈህ በሩን ራስህ ከፈትክላቸው።

ስለ ዝናቡ ጠይቀኸኝ ነበር። እዚህ ደጋው ላይ ትንሽ አንጠባጥቧል። ሚኤሶና ቦርደዴ ግን ከበልግ ጀምሮ ጠብ ያለ ነገር የለም። ከብቱ አልቆ ሰዉ ወደ እኛ እየወጣ ነው፤ በትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ያድራል፣ ጠዋት የማይነሳም አለ። ሬዲዮኑ የሚያወራው ስለ መስከረሙ የአብዮት በዓል ዝግጅት ብቻ ነው። የሚኤሶ ምዕራፍ ዘንድሮ ካልታተመ መቼ ሊታተም ነው?

ፈለቀች


አዲስ አበባ፣ ነሐሴ 16 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለእትዬ ፈለቀች፤

ድንጋይ ተሸክሜ ደጅዎ ብቆም ይሻለኝ ነበር፤ ርቀቱ ከለከለኝ። ቡሽራ ያየው እውነት ነው።

የማተሚያ ቤት አሠራር ሆኖ ነው። አንድ መጽሐፍ ለለቀማ ሲገባ ስፌቱ ይፈታና እጥፎቹ ለለቃሚዎች ይታደላሉ፤ እያንዳንዱ የደረሰውን ይለቅማል። አንድ ሰው ብቻውን ይልቀመው ቢባል ዓመት ይፈጃል። ለእነሱ መጽሐፍ ሁሉ አንድ ነው፤ የትናንቱም የአባባም። እኔ አደራዎን ረስቼ አይደለም። «ይህ መጽሐፍ እንዳይፈታ» ብዬ በትልቁ ጽፌ ለጥፌ ነበር። የለጠፍኩት ሽፋኑ ላይ ነው፤ እነሱ ደግሞ መጀመሪያ ገንጥለው የሚጥሉት ሽፋኑን ነው።

አሁን ለቀማው አልቋል። እጥፎቹን ከየለቃሚው ሰብስቤ እልክልዎታለሁ። አዲሱም ለበዓሉ ይደርሳል። የመጀመሪያውን ገጽ ራሴ ነኝ ያዘጋጀሁት፤ እርስዎ እንዳስተማሩኝ «ሦስተኛ እትም» ብዬ፣ የሁለቱንም የቀድሞ እትሞች ዓመት ከሥር አስገብቼ።

ስለ ሚኤሶ ምዕራፍ ለጠየቁኝ፣ ገምጋሚዎች እያዩት ነው። በዚህ ሰሞን እዚህ የድርቅ ነገር ውሾን ያነሳ ውሾ ሆኗል። እባክዎ፣ ስለ ትምህርት ቤቱ አጥር የጻፉልኝን ዓይነት ነገር በፖስታ አይጻፉ። ደብዳቤዎ የደረሰኝ አፉ እንደገና ተለጥፎ ነው። እንደዚያ ያለውን በቡሽራ እጅ ይላኩት።

ወንድምዎ ሞገስ


አሰበ ተፈሪ፣ መስከረም 20 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለሞገስ፤

እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሰህ። ይህን በቡሽራ እጅ ስለላክሁት የልቤን እጽፋለሁ።

ሁለቱም ጥቅል ደርሶኛል። አንደኛው የአባባ መጽሐፍ ነው፣ ወይም ነበር። ምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ በገጹ ተራ ደረደርኩት። ጥግ ጥጉ ጠቁሯል፤ አንዱ ገጽ ላይ የሻይ ብርጭቆ የተቀመጠበት ክብ አለ። ጠራዥ ዘንድ ወስጄ እንደምንም ነፍስ እዘራበታለሁ ብዬ ይህን ሁሉ ዋጥኩት። የመጨረሻው እጥፍ ላይ ስደርስ የለም። የሚኤሶ ምዕራፍ ከነወረቀቱ የለም።

ሁለተኛውን ጥቅል ፈታሁ። አዲሱ መጽሐፍ ያምራል፤ አልዋሽም። ከውስጥ «ሦስተኛ እትም፤ ከመጀመሪያው እትም ጋር ተመሳክሮ የቀረበ፤ ሙሉ» ይላል። ወደ መጨረሻው ገለበጥኩት። አባባ ከጨርጨር ተራራ ላይ ቆሞ ሚኤሶን ቁልቁል ሲያይ ያበቃል። ልክ እንደ 1948ቱ።

የ1948ቶቹ ባላባቱን ፈርተው ቆረጡት። ዛሬ ባላባቱ መሬትም የለው፣ ስምም የለው። ታዲያ እናንተ ማንን ፈራችሁ? የተራበውን ሰው? እነዚያ እንኳ «ሙሉ» ብለው አልጻፉም። «ታርሞ» የሚል ቃል የተነካ ነገር መኖሩን ቢያንስ ይጠቁማል፤ የሚጠረጥር ሰው አሮጌውን ይፈልጋል። የጎደለ መጽሐፍ ላይ «ሙሉ» ብሎ መጻፍ ግን የሚቀጥለው ሰው የጎደለውን እንዳይፈልግ በር መዝጋት ነው። ከእንግዲህ የመጀመሪያውን እትም ማን ይፈልገዋል? ሙሉው ወጥቷል ተብሏል። አሮጌ መጽሐፍ ስሰበስብ ብዙ ዓይነት ውሸት አይቻለሁ፤ ሽፋን ቀይሮ የሚሸጥ፣ ዓመተ ምሕረት ፍቆ የሚጽፍ። በገዛ አባቱ መጽሐፍ ላይ የዋሸ ግን እስከ ዛሬ አላየሁም።

የመጨረሻው እጥፍ የት ነው? ስለ ሌላ ነገር አንድም መስመር እንዳትጽፍልኝ።

ፈለቀች


አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 23 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለእትዬ ፈለቀች፤

የጠየቁኝን ብቻ እመልሳለሁ። እጥፉ ማተሚያ ቤት ጠፍቷል። ብዙ ወረቀት የሚገባና የሚወጣበት ቤት ነው። ከተገኘ እልካለሁ።

«ሙሉ» የሚለውን እኔ አልጻፍኩትም። የእኔ ጽሑፍ «ሦስተኛ እትም» የሚለው ነው፤ ቀሪው ከላይ ተጨምሮ መጣ። ፈርም ተባልኩ፣ ፈረምኩ። የልጆች አባት ነኝ፤ እርስዎ እዚያ ሆነው ሲቆጡ እኔ የተቀመጥኩበትን ወንበር አያዩትም።

ቡሽራ ሱቅ ውስጥ ያደርጋሉ የተባለውን ሰምቻለሁ። እውነት ከሆነ ስለ እናታችን ብለው ይተዉት። ከዚያ የሚጻፍ ሪፖርት መጨረሻው የሚያርፈው እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው።

ሞገስ


አሰበ ተፈሪ፣ ኅዳር 15 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለሞገስ፤

የሰማኸው እውነት ነው። አልተወውም።

ቡሽራ እንዲሸጥ ከተላከለት መጽሐፍ አንዱም በእኔ እጅ ሳያልፍ ከሱቁ አይወጣም። ፈቃዱን ጠይቄዋለሁ። «መምህርት ያላረሙትን እኔ ምን ብዬ እሸጣለሁ?» ብሎ ቀዩን እስክሪብቶ ከመደርደሪያው ራሱ አውርዶ ሰጠኝ። «ሙሉ» የሚለውን እሰርዛለሁ፤ ከጎኑ «የሚኤሶ ምዕራፍ ጎድሏል» ብዬ እጽፍና ስሜን እፈርማለሁ። አንተ ውሸቱ ላይ ከፈረምክ፣ እኔ እርማቱ ላይ ብፈርም ምን ነውር አለው?

ቀበሌ ጠርተውኝ ነበር። ሊቀመንበሩን ፊደል ያስቆጠርኩት እኔ ነኝ፤ ለወጉ እንኳ ተነስቶ ነው ያነጋገረኝ። «መምህርት፣ የመንግሥት መጽሐፍ ላይ ለምን ይጽፋሉ?» አለኝ።

«ስህተት አይቼ አላልፍም። ያንተም ደብተር ይህን ያውቃል» አልኩት።

«ምዕራፉ ፀረ አብዮት ቢሆንስ?»

«መጀመሪያ ያስወጡት የባላባቱ ልጆች ናቸው» አልኩት። «እነሱ ያስወጡትን የሚመልስ ነው አብዮተኛ፣ ወይስ እነሱ ያስወጡትን ደግሞ የሚያስወጣ?»

አጠገቡ ተቀምጦ ቃሌን ሲጽፍ የነበረው ሰው የማስታወሻ ደብተሩን ዘጋ። ለዛሬ ይሂዱ ተባልኩ፤ እንደገና እንደሚጠሩኝ ግን አውቃለሁ።

መጽሐፉን የገዛ ሁሉ ያን ቀይ ጽሑፍ ያይና የጎደለው ምን ይላል ብሎ ቤቴ ይመጣል። ፍሬ ነገሩን እነግረዋለሁ፤ የአባባን ቃል ግን እንዳለ አላስታውሰውም። የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ቃሉ ያለው አንተ ጠፋ ባልከው ወረቀት ላይ ነው። ጠፋ ስትለኝም አላመንኩህም። ልጅ ሆነህ የጠፋብህን ነገር ስትነግረኝ እያለቀስክ ታስረዝመው ነበር። የደበቅከውን ስትናገር ነው እንደዚህኛው ደብዳቤህ አጭር የምትሆነው።

ፈለቀች


አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 27 ቀን 1977 ዓ.ም.

እትዬ፤

ሁለተኛ ጠርተው ቀበሌው እስር ቤት እንዳሳደሩዎት ከቡሽራ ሰማሁ። በሲሚንቶ ላይ፣ በዚያ ጉልበትዎ። እርስዎ አልጻፉልኝም።

እጥፉ አልጠፋም። እንዳቃጥለው ነበር የታዘዝኩት። ለማቃጠልም ለመላክም ልቤ አልችል ብሎኝ መሳቢያዬ ውስጥ ቆልፌበት ተቀመጥኩ። በየጠዋቱ እስክሪብቶዬን የማወጣው ከዚያው መሳቢያ ነው፤ በዚያው እስክሪብቶ ለእርስዎ ጠፋ ብዬ ጻፍኩ። ይኸው በቡሽራ መኪና፣ ከደብተሩ ካርቶን ሥር ተደርጎ መጥቶልዎታል። ገምጋሚው እያንዳንዱን ገጽ በሰማያዊ እርሳስ ሰርዞታል፤ ግን ይነበባል። መሥሪያ ቤቱ ከጠየቀኝ አቃጥያለሁ እላለሁ፤ ካላመኑኝም የመጣውን እቀበላለሁ።

ይቅር ይበሉኝ አልልም። ቢሉኝም ይቅርታዎን አሁን የማኖርበት ቦታ የለኝም።

ሞገስ


አሰበ ተፈሪ፣ ጥር 24 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሞገስ፤

ደርሶኛል። አልጻፉልኝም ላልከው፣ አንተም ስለ መሳቢያህ አልጻፍክልኝም ነበርና እኩል ነን። ቁጣዬ በርዷል ብለህ ደግሞ እንዳትዘናጋ። ያ ገምጋሚ ያለበትን ባውቅ ኖሮ ይህን ደብዳቤ ለእሱ ነበር የምጽፈው።

ሰማያዊውን እርሳስ ላጠፋው ላጲስ ይዤ ተቀምጬ ነበር፤ ተውኩት። በመጽሐፍ ላይ የደረሰው ሁሉ የመጽሐፉ ታሪክ ነው። ማን ምኑን ጠልቶ እንደሰረዘ የሚቀጥለው ሰው ይየው። እጥፉን ከሌሎቹ ጋር ራሴ ሰፋሁት። ስፌቴ ጠማማ ነው፤ ግን ይይዛል።

ባለፈው ቅዳሜ መጽሐፉን ይዤ በቡሽራ መኪና ሚኤሶ ወረድኩ። ከጣቢያው ጀርባ እህል ይመጣል ተብሎ ብዙ ሰው ተቀምጧል። ከእነሱ መሃል አብዱልቃዲር የሚባል ሰው አለ። አምና ግመሎች ነበሩት፤ ዘንድሮ አንድም የለው። እኛ ከተማ ቡሽራ ሱቅ ሲመጣ የሚኤሶ ነገር ተጽፏል ሲባል ሰምቶ ቤቴ ድረስ መጥቶ ነበር፤ ያኔ የማነብለት አልነበረኝም። እሱ ራሱ ማንበብ አይችልም። እኔ በአማርኛ ሳነብ እሱ ለሌሎቹ በኦሮምኛ ይነግራቸው ጀመር።

አባባ እንዲህ ይላል፤ «ማሽላው ጎተራ ውስጥ ይነቅዛል፤ ሰዉ በጎተራው ደጅ ይሞታል። ባቡሩ እህል ጭኖ በሰዉ ፊት ያልፋል፤ ሰዉም መንገድ ለቆ ያሳልፈዋል። እናት ለልጇ ነገ ይዘንባል ትለዋለች፤ ልጁም ስላመናት ይተኛል።» እዚህ ላይ ስደርስ አብዱልቃዲር መተርጎሙን ትቶ ወደ እኔ ዞረ።

«አዴ ፈለቀች» ብሎ አክብሮ ጠራኝ፤ «ይሄ ሰውዬ መቼ መጣ? እኛ እዚሁ ነን። ወላሂ አላየነውም።»

ሰውየው አባቴ ነው፣ ከጻፈውም ሃምሳ ዓመት አልፎታል አልኩት። ዞሮ ለሌሎቹ ነገራቸው። እርስ በርሳቸው ብዙ ተነጋገሩ፤ አንዲት አሮጊት ቆጣ ብለው ወደ መጽሐፉ እያመለከቱ አንድ ነገር አሉ። ምን አሉ ብዬ ጠየቅሁት።

«ሃምሳ ዓመት ሙሉ ማን ደብቆት ነው? ነው የሚሉት» አለኝ።

የእኔን መልስ ነግሬያቸዋለሁ። ያንተን ጽፈህ ላክልኝ፤ ወርጄ አነብላቸዋለሁ።

እህትህ ፈለቀች